የራስ ሸክምና የጋራ ሸክም
በትምህርቱ ለወደቀው ተማሪ ስላለብን ግዴታ

ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ገላትያ ሰዎች በላከው መልእክቱ በስድስተኛው ምዕራፍ ላይ፣ በጥቂት መስመሮች ልዩነት፣ እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ የሚመስሉ ሁለት ነገሮችን ያስተምራል። በቁጥር 2 ላይ አንዱ የሌላውን ሸክም እንዲሸከምና በዚህም የክርስቶስን ሕግ እንዲፈጽም ያዛል፤ በቁጥር 5 ላይ ግን እያንዳንዱ ሰው የገዛ ራሱን ሸክም እንደሚሸከም ይናገራል። ሐዋርያው ከሦስት ቁጥር በፊት የተናገረውን ዘንግቶ አይደለም። ሁለቱም ቃላት እውነት ናቸው፤ ለእኛ የቀረልን ሥራ ሸክሙን መለየት ነው። የወንድሜ ብቻ የሆነው ሸክም የትኛው ነው? የእርሱም የእኔም የሆነውስ የትኛው ነው? የመጀመሪያውን ልሸከምለት ብነሣ ሰውነቱን እቀማዋለሁ፤ ሁለተኛውን ትቼበት ብሄድ ደግሞ ወንድምነቴን እክዳለሁ።

ይህን ጥያቄ ዛሬ እንዳነሣ ያደረገኝ የአንድ ወጣት ጉዳይ ነው።

ወጣቱ ከጣና ማዶ፣ በሐይቁ ዳር ካለች የገጠር መንደር የመጣ ሲሆን፣ ከባሕር ዳር ራቅ ብሎ በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ ይማር ነበር። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ እስኪበተን ቆይቶ፣ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ ነበር» ብሎ ጠጋ አለኝ። ብዙ ጊዜ ከመታጠፉ የተነሣ ጠርዙ የተቀደደ ወረቀትም ከኪሱ አወጣ። የውጤት መግለጫው ነበር። በሁለት ትምህርቶች ኤፍ አግኝቷል፤ በሌላ በአንዱ ትምህርት አንጻር ደግሞ ጭራሽ ነጥብ አልሰፈረም። በዚህም ምክንያት ከትምህርቱ ተሰናብቷል። ይህ ከሆነ አራት ወር አልፎ ነበር። አራት ወር ሙሉ እዚሁ ባሕር ዳር ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር በተከራያት ክፍል እያደረ፣ በቀን ሥራ እየዋለ፣ አባቱ በስልክ በጠየቁት ቁጥር ግን «ደኅና ነኝ፤ እየተማርሁ ነው» እያለ ቆይቷል። አባቱ እርሱን ወደ ትምህርት ለመላክ የእርሻ በሬያቸውን ሸጠው ነበር።

ከእኔ የፈለገው ነገር አጭር ነበር። «መምህሩ አብሮ አደግዎ እንደ ሆኑ ሰምቻለሁ። አንድ ቃል ቢነግሩልኝ ነጥቡን ያሻሽሉልኛል» አለኝ።

የእኔም መልስ አጭር ነበር። ያልሠሩበትን ነጥብ መጠየቅ ሐሰት እንደ ሆነ፣ ክርስቲያንም በሐሰት መንገድ እንደማይሄድ ነግሬ አሰናበትሁት። የተናገርሁት እውነት ነበር። ማታ ግን እንቅልፍ ራቀኝ። ሐሰተኛውን እርዳታ ከለከልሁት፤ እውነተኛውን ግን አልሰጠሁትም። በሬን ዘግቼ፣ የዘጋሁትም በእውነት ስም ስለ ሆነ ራሴን ጻድቅ አድርጌ ተመለስሁ።

የአንድ ሰው ጉዳይ አይደለም

ከተማችን የትምህርት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመው የፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩትና እ.ኤ.አ. በ1972 የተመሠረተው የመምህራን ማሠልጠኛ አካዳሚ፣ በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ሕዝቡ ግን ግቢዎቹን እስከ ዛሬ «ፖሊ» እና «ፔዳ» እያለ ይጠራቸዋል። በየዓመቱ ከልዩ ልዩ የሀገራችን ክፍሎች የሚመጡ ወጣቶች በእነዚህ በሮች ይገባሉ፤ የእኛም ልጆች ወደ ሌሎች ከተሞች ይሄዳሉ። በየቁምስናው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሌለበት የምእመናን ስብስብ አይገኝም ማለት ይቻላል።

በእነዚህ ዓመታት በተማሪዎች ላይ የወረደው ፈተና ቀላል አይደለም። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ሲሰጥ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከተፈታኞቹ ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በሚቀጥለው ፈተና ከመቶ 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 5.4 ሆኑ። የማለፊያውን ነጥብ ካላገኙት መካከል የተሻሉት በማካካሻ፣ ማለትም በሪሚዲያል ትምህርት እንዲገቡ ተደርጓል። በመጨረሻው በር ላይም የመውጫ ፈተና ቆሟል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ በመላ ሀገሪቱ ካለፉት ይልቅ ያላለፉት በዝተዋል።

ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለውንም ማየት ይገባናል። ዛሬ በግቢ ያለው ወጣት በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት ነው። ከዚያ በኋላ የሰሜኑ ጦርነት መጣ፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ መንገዶች ተቋረጡ፣ የዩኒቨርሲቲ ጥሪዎችም ዘገዩ። በዚህ ላይ ከፍተኛው ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ ከገጠር ትምህርት ቤት የመጣው ልጅ ያልገባውን ለመጠየቅ ቋንቋው ስለሚያጥረው ዝም ይላል። መምህሩም ዝምታውን እንደ መረዳት ይቈጥርለታል።

እንግዲህ «ልጆቻችን ሰነፉ» ብሎ ነገሩን መዝጋት የሚቻል አይመስለኝም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በአንቀጽ 2477 ላይ፣ በቂ ማስረጃ ሳይኖር ስለ ባልንጀራ ክፉ ማመን የችኮላ ፍርድ ኃጢአት መሆኑን ያስተምረናል። ይህን ኃጢአት ስለ ጎረቤቶቻችን ስንናዘዘው፣ ስለ ገዛ ልጆቻችን ግን ብዙ ጊዜ እንዘነጋዋለን።

ምሕረት መሰል ሐሰት

ነገር ግን ወደ ሌላው ጫፍም መሄድ የለብንም። ልጁ ተቸግሯል፣ ዘመኑ ከፍቷል ብለን «መምህሩ ይዘንለትና ነጥብ ይስጠው» ብንል ምን ክፋት አለው? የብዙዎቻችን የልብ ጥያቄ ይህ ነው።

ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስ በታላቁ የነገረ መለኮት ድርሳኑ ስለ አድልዎ ሲጽፍ (2ኛ ክፍል፣ 2ኛ ምድብ፣ ጥያቄ 63)፣ ምሳሌ አድርጎ ያነሣው የመምህርነትን ወንበር ነው። አንድን ሰው በቂ ዕውቀት ስላለው ለመምህርነት ብንሾመው ተገቢውን ምክንያት ተመልክተናል፤ ዕውቀቱን ትተን እገሌ ስለ ሆነ ብቻ ብንሾመው ግን ፊት አይተን አድልተናል፤ ይህም ለእያንዳንዱ የሚገባውን የሚሰጠውን ፍትሕ ይጻረራል ይላል። ነጥብም እንዲሁ ነው። መምህሩ ከኪሱ አውጥቶ የሚመጸውተው ገንዘብ አይደለም። «ይህ ሰው ይህን ያህል ያውቃል» የሚል የምስክርነት ቃል ነው። ምስክርነት ደግሞ እውነት ወይም ሐሰት ይሆናል እንጂ፣ በርኅራኄ የሚጨመርለት ነገር የለውም።

ሐሰተኛው ነጥብ የሚጎዳውም ብዙ ሰው ነው። ሌሊቱን ሲያጠና ያደረውን ባልንጀራ ይጎዳዋል፤ የእርሱ እውነተኛ ነጥብ ከሐሰተኛው ጋር በአንድ ሚዛን ተቀምጧልና። ነገ በጤና ጣቢያ ወረፋ ይዞ የሚጠብቀውን በሽተኛና በአዲሱ ድልድይ ላይ የሚሻገረውን መንገደኛ ይጎዳል። ከሁሉም ይልቅ የሚጎዳው ግን ተቀባዩን ራሱን ነው። በተሰጠው ነጥብ ከአንዱ ሴሚስተር ወደ ሌላው ይገፋል፤ መሠረቱን ሳይይዝ በላዩ ይገነባል፤ በመጨረሻም ማንም አማላጅ በማይገባበት በመውጫ ፈተናው አዳራሽ ውስጥ ብቻውን ይቀመጣል። ያዘንንለት መስሎን ውድቀቱን አራት ዓመት አስረዘምንበት። ኩረጃም እንዲሁ ነው፤ የባልንጀራውን ወረቀት አስገልብጦ «ረዳሁት» የሚል ተማሪ፣ አለማወቁን እንጂ ወንድሙን አልረዳም።

አንድ ዓመት ተጨማሪ

እንግዲያስ ጭካኔም ሐሰትም ያልሆነ መንገድ አለን? ጌታችን በሉቃስ ወንጌል በ13ኛው ምዕራፍ ከቁጥር 6 እስከ 9 የነገረን የበለስ ዛፍ ምሳሌ ይህን መንገድ የሚያሳየን ይመስለኛል። ባለቤቱ ለሦስት ዓመት ፍሬ ፈልጎ ስላላገኘ ዛፊቱ እንድትቈረጥ አዘዘ። አትክልተኛው ግን ማለደላት።

ምን ብሎ እንደ ማለደላት ልብ እንበል። «ፍሬ አላት» አላለም። ከሌላ ዛፍ በለስ ቀጥፎ በቅርንጫፎቿ ላይ አላንጠለጠለም። የባለቤቱንም ሚዛን «የከፋ ነው» ብሎ አልነቀፈም። ዛፊቱ ፍሬ ቢስ መሆኗን ከነሙሉ እውነቱ ተቀብሎ፣ ሁለት ነገር ብቻ ለመነ፤ ጊዜና ሥራ። አንድ ዓመት እንዲጨመርላትና፣ በዚያ ዓመት ውስጥ እርሱ ራሱ ዙሪያዋን ቈፍሮ ፍግ እንዲያደርግላት ጠየቀ። ለማፍራት ግን ዛፊቱ ራሷ ታፈራለች፤ አትክልተኛው ስለ እርሷ ሊያፈራላት አይችልም። ፍሬ ማፍራት የዛፊቱ የራሷ ሸክም ነው፤ መቈፈሩና መኮትኮቱ የጋራ ሸክም ነው።

የከተማችን ሰው በየቀኑ የሚጠራው «ፔዳ» የሚለው ስም ራሱ ይህንኑ ይነግረናል። ስሙ የመጣው ከግሪክ ቋንቋ ነው፤ በጥንቱ የግሪኮች ዓለም ሕፃኑን እጁን ይዞ ወደ አስተማሪው ቤት የሚወስደው አገልጋይ «ፔዳጎጎስ» ይባል ነበር። ቅዱስ ጳውሎስም በዚያው በገላትያ መልእክት (3፣24) ሕግን በዚህ አገልጋይ መስሎታል፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ሞግዚት» ብሎ ይተረጉመዋል። ያ አገልጋይ በሕፃኑ ፈንታ አይማርም፤ በሕፃኑ ፈንታም አይፈተንም። ሥራው ሕፃኑን ከአስተማሪው በር ማድረስ ነው። ሕፃኑ ግን ያለ እርሱ ከበሩ ላይደርስ ይችል ነበር።

ሸክሙን መለየት

በሚቀጥለው እሑድ ወጣቱን ፈልጌ ይቅርታ ጠየቅሁት። በቁምስናችን ትምህርተ ክርስቶስ ከሚያስተምሩት መካከል ለብዙ ዓመታት በመምህርነት ያገለገለች አንዲት እኅት አለች፤ ወደ እርሷ ይዤው ሄድሁ። እርሷም ወረቀቱን ተቀብላ «ለምን ወደቅህ?» አላለችውም። በእያንዳንዱ ትምህርት ላይ ጣቷን እያኖረች «እዚህ ምን ሆነ?» እያለች ጠየቀችው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ፣ አንድ ውድቀት መስሎን የነበረው ነገር ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሆኖ ተገኘ።

ነጥብ ባልሰፈረበት ትምህርት የተሰጠውን ሥራ ሁሉ አስረክቧል፣ ፈተናውንም ተፈትኗል፤ ውጤቱ ግን አልተመዘገበም ነበር። ይህ ስሕተት ነው፤ እንዲታረም መጠየቅም ልመና ሳይሆን መብት ነው። ከሁለቱ ኤፎች በአንደኛው የአጋማሽ ፈተናው ሲሰጥ በወባ ታሞ ተኝቶ ነበር፤ ነገር ግን የሕክምና ማስረጃ አላቀረበም፣ ለማንም አልተናገረም፤ መናገር እንደሚቻልም አላወቀም። ሁለተኛውን ኤፍ ስትጠይቀው አንገቱን ደፍቶ ጥቂት ቆየና፣ «እርሱንስ አላጠናሁም» አለ።

በደል፣ አለማወቅ፣ ስንፍና፤ ሦስቱም በአንድ ወረቀት ላይ በአንድ ቀለም ተጽፈው ነበር። «በድለውኛል» የሚለው ተማሪ ሦስቱንም በደል ያደርጋቸዋል፤ «ሰነፍ ነው» የሚለው ወላጅ ሦስቱንም ስንፍና ያደርጋቸዋል። እውነቱን ለማግኘት አጠገቡ ተቀምጦ እያንዳንዱን መስመር የሚያነብለት ሰው ያስፈልጋል።

እኅታችን በአውቶቡስ አብራው ሄደች። ወደ መምህሩ ቢሮ ግን አብራው አልገባችም፤ ከበሩ ውጭ ቆማ ጠበቀችው። ማመልከቻውን በእጁ የጻፈው እርሱ ነው፤ የተናገረውም እርሱ ነው። ያልተመዘገበው ነጥብ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመዘገበ። የሕመሙ ጉዳይ ግን ጊዜው ስላለፈ ተቀባይነት አላገኘም፤ ያላጠናው ትምህርትም እንዳለ ቀረ። አማካይ ነጥቡ ከፍ ቢልም ከሚፈለገው አልደረሰምና ስንብቱ ጸና። የተከፈተለት መንገድ በሚቀጥለው ዓመት በድጋሚ ለመግባት ማመልከት ነበር። ይህን የምተርከው ታሪኩን ለማሳመር አይደለምና፣ ውጤቱ የተመኘነው እንዳልሆነ አልሸሽግም።

የኀፍረት ሸክም

ከሦስቱ ሁሉ የከበደው ግን በወረቀቱ ላይ ያልተጻፈው ነበር፤ ኀፍረቱ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ወጣት በታመመ ጊዜ ቢናገር ኖሮ አንዱ ኤፍ ላይኖር ይችል ነበር፤ በተሰናበተ በሳምንቱ ቢናገር ኖሮ አራት ወር ባልጠፋ ነበር። ዝም ያሰኘው ግን እኛው ነን። ዩኒቨርሲቲ የገባውን ልጅ በሠርግና በለቅሶ «የእኛ ኢንጂነር፣ የእኛ ዶክተር» እያልን ስንጠራው እናከብረው መስሎን ነበር፤ በእርግጥ ግን የመውደቅን ነፃነት ነሥተነዋል። ሊወድቅ የማይፈቀድለት ሰው ደግሞ ሲወድቅ ይደብቃል።

የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ልጆቻችን ሁሉ ያውቁታል። ትምህርት አልገባው ብሎ ከመምህሩ ከጌዴዎን ዘንድ ሸሽቶ ሳለ፣ ዛፍ ለመውጣት ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው የወጣውን ትል አይቶ ተጽናና። ስንተርከው ትሉን እናደንቃለን፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ግን በችኮላ እናልፈዋለን። ያሬድ ከዛፉ ሥር ብቻውን ሊቅ አልሆነም። ተነሥቶ ወደ መምህሩ ተመለሰ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ መምህሩም ተቀበለው። ትሉ ጽናትን አስተማረው፤ ዳዊቱን ያስተማረው ግን መምህሩ ነው። የሚመለሰው ተማሪ ብቻ ሳይሆን የሚቀበለውም መምህር ባይኖር ኖሮ፣ ያ ታሪክ የውድቀት ታሪክ ሆኖ በቀረ ነበር።

የእኛው የጎጃም ልጅ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልም ለዚህ ምስክር ነው። በመርጡለ ማርያም ገዳም የተማረው፣ በጎንደርም ለሌሎች መምህር የሆነው ይህ ሊቅ፣ ዕድሜው ወደ ሃምሳ በተጠጋበት ወራት በቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ፊት እንደ ተማሪ ተቀምጦ ለመጠየቅ አላፈረም። ላላወቀው ነገር «አላወቅሁም» ማለት የዕውቀት ውርደት ሳይሆን የዕውቀት በር እንደ ሆነ በሕይወቱ አሳይቶናል።

አንድ የቁምስና ካህን ያደረጉት

ለካህናትና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የሚሆን ሌላ ምሳሌ ከሩቅ ሀገር ላምጣ። እ.ኤ.አ. በ1786 በፈረንሳይ ሀገር የተወለደው ዮሐንስ ማርያ ቪያኒ ለትምህርት በደረሰበት ዕድሜ፣ በሀገሩ በተነሣው አብዮት ምክንያት አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው፣ ካህናትም ተሰደው ነበር። ጥቂት ብቻ ተምሮ በእርሻ ሥራ ላይ አደገ። ኋላ ካህን ለመሆን ሲነሣ የላቲን ቋንቋ እንደ ግንብ ቆመበት። እ.ኤ.አ. በ1813 በሊዮን ከተማ ዘርአ ክህነት ገባ፤ ትምህርቱ በላቲን ስለ ነበር ሊከታተለው አልቻለምና ከጥቂት ወራት በኋላ ተሰናበተ። ከእኛ ልጆች የስንቱን ታሪክ ይመስላል!

የኤኩሊ ቁምስና ካህን የነበሩት አባ ባሌ ግን ተስፋ አልቈረጡበትም። በቤታቸው ተቀብለው በሚገባው ቋንቋ፣ በፈረንሳይኛ፣ እንደገና አስተማሩት። ወደ አለቆቹም ሄደው ማለዱለት። የማለዱት ግን ሳይፈተን እንዲያልፍ አልነበረም፤ እንደገና እንዲፈተን ነበር። ተፈተነ፤ መለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1815ም ክህነት ተቀበለ። የአርስ ካህን ተብሎ በዓለም የታወቀው፣ ዛሬም የቁምስና ካህናት ሁሉ ጠባቂ የሆነው ቅዱስ ይህ ነው። አባ ባሌ እንደ በለሷ አትክልተኛ ጊዜ ለመኑ፤ ዙሪያውንም ኮተኰቱ።

ከእኛ የሚጠበቀው

ሁላችንም አባ ባሌን መሆን ባንችል እንኳ በየቁምስናችን ልናደርገው የምንችለው ብዙ ነው።

አስቀድሞ ሕጉን ማወቅ ነው። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ስለ ምዘና፣ ስለ ማስጠንቀቂያ፣ ስለ ስንብትና ስለ ድጋሚ ቅበላ የሚደነግግ መተዳደሪያ አለው። ለመመረቅ ቢያንስ 2.00 አማካይ ነጥብ እንደሚጠየቅ ተማሪው ሁሉ ያውቃል፤ በነጥቡ ላይ ቅሬታ ያለው ሰው አስቀድሞ መምህሩን፣ ቀጥሎ የትምህርት ክፍሉን፣ ከዚያም ዲኑን በጽሑፍ መጠየቅ እንደሚችል፣ ለዚህም የተወሰነ ቀን እንዳለ የሚያውቀው ግን ጥቂቱ ነው። ዝርዝሩ እንደየተቋሙ ይለያይ ይሆናል፤ ጊዜ የተወሰነለት መሆኑ ግን በሁሉም ዘንድ አንድ ነው። ስለዚህ ልጆቻችንን ለግቢ ሕይወት ስንሸኝ ከጸሎትና ከስንቅ ጋር «መተዳደሪያውን አንብብ፣ ማስረጃህን ሁሉ አስቀምጥ» የሚል ምክር እንጨምር።

ሁለተኛው በጊዜው መጠየቅ ነው። ብዙዎቻችን ተማሪውን የምንጠይቀው ሴሚስተሩ ካለቀ በኋላ «ስንት አመጣህ?» ብለን ነው። የአጋማሽ ፈተና ባለፈ ማግስት «የትኛው ትምህርት ከበደህ?» ብለን ብንጠይቀው ግን ገና የሚሠራበት ጊዜ አለ። የግቢ አማካሪ መምህሩን አነጋግሮ ያውቅ እንደ ሆነ፣ ለተማሪዎች የተቋቋመውን የምክር አገልግሎት ያውቀው እንደ ሆነ እንጠይቀው። ያለበት ነገር ከትምህርት ይልቅ የልብ ጭንቀት ወይም ሐዘን ከሆነም፣ ከጸሎት ጋር ሐኪም ዘንድ መሄድ የእምነት ማነስ እንዳልሆነ እንንገረው።

ሦስተኛው አብሮ ማጥናት ነው። ተመርቀው በመካከላችን የሚኖሩ መሐንዲሶች፣ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች አሉ። በሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የቁምስናው አዳራሽ ቢከፈትና የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሒሳብና እንግሊዝኛ ቢጠይቋቸው፣ ይህ ከትምህርተ ክርስቶስ የወጣ ሥራ አይደለም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» እንደሚባለው፣ ለአንዱ የከበደው ለብዙዎች ቀላል ይሆናል።

አራተኛው ሴት ልጆቻችንን መስማት ነው። በነጥብ አስፈራርቶ ነውረኛ ነገር የሚጠይቅ ሰው ከገጠማት ልጅ፣ ያ ሸክም በፍጹም የእርሷ አይደለም። እርሷን «ምን አድርገሽ ነው?» ብሎ መጠየቅ የበደለኛውን ሸክም በተበዳይዋ ላይ መጫን ነው። ይህን ለሚመለከተው የግቢው የሥርዓተ ጾታ ጽሕፈት ቤትና ለሕግ ስታቀርብ አብረናት ልንቆም ይገባል።

የመጨረሻው ግን ለራሱ ለተማሪው ነው። ውድ ወንድማችን፣ ውድ እኅታችን፣ ማጥናቱ ያንተ ነው፤ ፈተናው ያንቺ ነው። ይህን ማንም ሊሸከምላችሁ አይችልም፤ ልሸከም የሚላችሁንም አትመኑት። ነገር ግን ፍርሃቱ፣ አለማወቁ፣ ረኀቡ፣ ሕመሙና የደረሰባችሁ በደል የብቻችሁ አይደሉም። እነዚህን ብቻችሁን መሸከም ጀግንነት አይደለምና፣ ለእኛ ተናገሩ።

በሐይቁ ማዶ

ወጣቱ ከአባቱ ጋር እንዲነጋገር አብሬው ሐይቁን በጀልባ ተሻገርሁ። በመንደሩ ዳርቻ የደንገል ታንኳዎች ከውኃ ወጥተው፣ ዛፍ ተደግፈው በፀሐይ ይደርቁ ነበር። የደንገል ታንኳ ሲቆይ ውኃ ይጠጣል፤ እየከበደም ይሄዳል። ባለቤቱ ከውኃው አውጥቶ ያደርቀዋል እንጂ፣ ከበደ ብሎ አይጥለውም፤ እንደ ከበደም ወደ ጥልቁ አይሰደውም። በሕግና በጊዜው ፈቃድ ጠይቆ ለአንድ ሴሚስተር ትምህርቱን የሚያቋርጥ፣ ወይም ተሰናብቶ ድጋሚ ቅበላ የሚጠብቅ ተማሪም ከዚህ የተለየ አይደለም ብዬ አሰብሁ።

አባቱ ልጃቸው የተናገረውን ሁሉ እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያም ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። እኔም ቁጣ እንደሚመጣ ጠብቄ ነበር። እርሳቸው ግን ቀና ብለው፣ «እህል ቀምሰሃል?» አሉት። ከበላን በኋላ ነበር የተናገሩት፤ «በሬው ሄዷል፤ እግዚአብሔር ከፈቀደ ሌላ እንገዛለን። እኔን ያሳዘነኝ አራት ወር ብቻህን መክረምህ ነው» አሉ።

ሐዋርያው ያዘዘውን የክርስቶስን ሕግ በዚያች ጎጆ ውስጥ የሰማሁት መሰለኝ። ወጣቱ አልጸደቀም፣ አልተኰነነምም፤ የሚቀጥለውን ዓመት መጠበቅና ያላጠናውን ማጥናት አሁንም የራሱ ሸክም ነው። ነገር ግን ብቻውን አይደለም።

በመካከላችን ተመሳሳይ ወረቀት በኪሱ አጥፎ የሚዞር ልጅ ሊኖር ይችላል። በዚህ ሳምንት ከቅዳሴ በኋላ ሁሉም እስኪበተን የሚቆየውን እንፈልገው። በዐሥራ ሁለት ዓመቱ በመቅደስ በሊቃውንት መካከል ተቀምጦ እየሰማ ይጠይቃቸው የነበረው ጌታችን ለልጆቻችን የመጠየቅን ድፍረት፣ ለእኛም የአትክልተኛውን ትዕግሥት ይስጠን። አሜን።